ምዕራፍ 6፦ ወይፈኑ ሳይተኛ

ፍኖተ ሰላም፣ እኛ ሰፈር፣ ሰው ሲሞት ወሬው የሚደርሰን በጥሩምባ ነበር። ገና ሳይነጋ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ከቤታቸው ይወጣሉ። ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ፤ ትልቁም ትንሹም «አያ» ነው የሚላቸው። ልጅ ሳለሁ ያ ድምፅ ሲመጣ ብርድ ልብሴን እስከ ጆሮዬ እስብ ነበር። ትራምፔት መማር ከጀመርኩ በኋላ ግን ከብርድ ልብሱ ወጥቼ ማዳመጥ ያዝኩ። ነውር መሆኑ አይጠፋኝም፤ ሰው ለቅሶ እየተረዳ እኔ የድምፁን ጥራት እሰማ ነበር።

አንድ ቀን ተነሥቼ ተከተልኳቸው። መታጠፊያ ላይ ይቆማሉ። የጥሩምባውን አፍ በመዳፋቸው ጠረግ ያደርጋሉ፣ ከንፈራቸውን በምላሳቸው ያርሳሉ፣ ከዚያ ረዘም አድርገው ሁለት ጊዜ ይነፋሉ። ጥሩምባውን ዝቅ አድርገው የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ይለፍፋሉ። ዝም ብለው ትንሽ ያዳምጣሉ። ከዚያ በበትራቸው መሬት እየቆረቆሩ ወደሚቀጥለው መታጠፊያ ይሄዳሉ። ሰፈሩን ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅባቸዋል፤ የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ የሚወጣው ድምፅ ግን ከመጀመሪያው አያንስም።

እኔ በዚያን ጊዜ ሃያ ደቂቃ ከነፋሁ ከንፈሬ የሌላ ሰው ከንፈር ይመስለኝ ነበር። እሳቸው በስልሳ ዓመታቸው፣ ጥርሳቸው ጎድሎ፣ እንዴት ነው የማይደክሙት? መልሱ ዐይኔ ሥር ነበር፤ እኔ ግን ጥሩምባውን እንጂ እርምጃቸውን አላየሁም።

ሥጋ እንደ ጅማት

በምዕራፍ 2 ክራርን ስናይ፣ ድምፅ የሚወለደው የሚንቀጠቀጥ ነገር አየሩን ሲገፋና ሲስብ ነው ብለን ነበር። እዚያ የሚንቀጠቀጠው ጅማቱ ነው። በምዕራፍ 4 የእረኛውን ዋሽንት ስናነሣ ደግሞ የሚወዛወዘው ራሱ ትንፋሹ እንደሆነ አየን። ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ቱባና ዘመዶቻቸው ከሁለቱም ይለያሉ። እዚህ የሚንቀጠቀጠው የነፊው የራሱ ሥጋ፣ ከንፈሩ ነው። ናሱ ያንን ንዝረት ተቀብሎ ያጎላዋል፣ ይቀርጸዋል።

ስለዚህ ቤተሰቡ «የናስ መሣሪያ» ይባል እንጂ ዝምድናው በብረቱ አይቆጠርም። ጌታቸው መኩሪያ የፎከረበት ሳክስፎን ከናስ ቢሠራም ከዚህ ቤት አይደለም፤ እዚያ የሚንቀጠቀጠው ከአፉ ላይ የታሰረች የሸምበቆ ስንጣሪ ናት። በአንጻሩ የከብት ቀንድ ጥሩምባ፣ መለከት፣ የእድሩ የቆርቆሮ ጥሩምባ አንድም ናስ ሳይኖርባቸው ከትራምፔት ጋር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። አያና እኔ ሙያችን አንድ ነበር ማለት ነው፤ እሳቸው ቢሰሙ ይስቁ ነበር።

ሙዚቀኞች ሲቃኙ የሚይዙት «ላ» የሚባለው ድምፅ በሰከንድ 440 ንዝረት አለው። ትራምፔት ነፊ ይህን ድምፅ ሲያወጣ ከንፈሩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 440 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ይህን የሚያስችለው አፋችንን እንደ ቀለበት የከበበው ስስ ጡንቻ ነው። ጉንጫችን ውስጥ ያለው ረዳቱማ በሕክምና ቋንቋ «ቡክሲኔተር» ይባላል፤ በላቲን ጥሩምባ ነፊ ማለት ነው። የጥንቱ ሐኪም ስም ሲያወጣ ምን እያየ እንደነበር ግልጽ ነው።

ትራምፔት ላይ ያሉት ቫልቮች፣ ማለትም በጣት የሚጫኑት ቁልፎች፣ ሦስት ብቻ ናቸው። ሦስት ቁልፍ ይዞ ያን ሁሉ ዜማ እንዴት ይጫወታል? አንዱም ቁልፍ ሳይነካ አንዱ ቱቦ ብዙ ድምፅ ስለሚሰጥ ነው። መሰላል አስቡ፤ ከታች እርከኖቹ የተራራቁ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ግን እየተቀራረቡ የሚሄዱ። የትኛው እርከን ላይ እንደሚቆም የሚወስነው ከንፈር ነው፤ ትንሽ ሲጠብቅ አንድ እርከን ይወጣል፣ ትንሽ ሲላላ ይወርዳል። ከላይ እርከኖቹ ጠባብ ስለሆኑ በፀጉር ስንጥቅ ያህል የሳተ ከንፈር ሌላ ቦታ ያርፋል። ይህን በዐይን ማየት፣ በጣት መዳሰስ አይቻልም። እናቴ ሊጡን ምጣድ ላይ እያዞረች ስታፈስ እጅዋ ስንት እንደሚያዘነብል ለክታ አታውቅም፤ እጅዋ ግን ያውቃል። ከንፈርም እንደዚያ ማወቅ አለበት። እናቴ ይህን ያወቀችው ደግሞ በአንድ ቀን ሦስት መቶ እንጀራ ጋግራ አይደለም።

ሦስት ሰዓት በአንድ ሌሊት

የትምህርት ቤት የሰልፍ ባንድ ውስጥ ነበርኩ። ለበዓል የምንወጣበት ቀን ሲቃረብ አንድ ከፍ ያለ ድምፅ አልመጣልኝ አለ። ዋዜማውን ማታ ጓሮ ገብቼ ሦስት ሰዓት ያህል ሳላቋርጥ ነፋሁ። መጀመሪያ ላይ መጣ። ከዚያ ጠፋ። ሲጠፋብኝ ማውዝፒሱን፣ ያን ከንፈር የሚያርፍበትን ጽዋ መሰል ጫፍ፣ ጥርሴ ላይ አጥብቄ ጫንኩት፤ ተመልሶ መጣ። ደስ አለኝ፣ የበለጠ ጫንኩ። ማታ ስተኛ ላይኛው ከንፈሬ ላይ ክብ ቀለበት ታትሞ ነበር።

ጠዋት ሰልፉ ተጀመረ። ተራዬ ሲደርስ ከትራምፔቴ የወጣው «ፍስስ» የሚል፣ ከተነፈሰ ጎማ የሚወጣ የመሰለ አየር ብቻ ነው። አሠልጣኛችን ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «ሌሊቱን ብታጠና ምናለ?» አለኝ። እስካሁን አልመለስኩለትም።

የሆነው ይህ ነው። ትንሽ ጡንቻ ቶሎ ይደክማል። የደከመ ከንፈር መጥበቅ ሲያቅተው ነፊው በክንዱ ኃይል ብረቱን ይጭንበታል። ግፊቱ ለአፍታ ድምፁን ይመልሳል፤ ነገር ግን ደም ወደ ከንፈር እንዳይመጣ ይዘጋል፤ ደም ያላገኘ ጡንቻ ይበልጥ ይደክማል፤ ስለዚህ ይበልጥ ይጫናል። ሉዊስ አርምስትሮንግን የሚያህል ሰው ከዚህ አላመለጠም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አውሮፓን እየዞረ ሲጫወት ከንፈሩ ተጎድቶ ለወራት ትራምፔቱን ለማስቀመጥ ተገዷል። የከንፈር ቀለበት ጡንቻ መቀደድ ዛሬም በሐኪሞች ዘንድ በእሱ ቅጽል ስም «የሳችሞ ሕመም» ይባላል።

ሕመሙ ግን ትንሹ ኪሳራ ነው። ትልቁ ኪሳራ ያን ሌሊት ሰውነቴ መጫንን መማሩ ነው። እሱን ለማስተው ከዓመት በላይ ፈጅቶብኛል።

አጎቴ ወይፈን ሲገራ

ጃቢ ጠህናን ገጠር ውስጥ አጎቴ ወይፈን ሲገራ አይቻለሁ። ወይፈኑን ብቻውን አይጠምደውም፤ እርሻ የለመደ አሮጌ በሬ አጠገቡ ያቆማል። ደረቅ ገመሳ ላይም አያስገባውም፤ ቀድሞ የታረሰ፣ አፈሩ የላላ ማሳ ይመርጣል። ጠዋት በብርዱ ጠምዶ ጥቂት ትልም ያስኬደዋል፤ ፀሐይ ጠንከር ሳትል ይፈታዋል። የመጀመሪያ ቀን አይቼ ገረመኝ። ወይፈኑ ገና ጉልበት አለው፣ እንዲያውም መንገዱ እየገባው ይመስላል፣ አጎቴ ግን ማነቆውን እየፈታ ነው።

«ገና እየሄደ እኮ ነው!» አልኩት።

«እየሄደ ነዋ የምፈታው» አለኝ። «ትልም ውስጥ ከተኛ ነገም ይተኛል። ጫንቃው ከተላጠ ደግሞ ቀንበር ባየ ቁጥር ይሸሻል።»

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ በሙሉ እዚህች ዐረፍተ ነገር ውስጥ አለ ማለት ይቻላል፤ የቀረው ማብራሪያ ነው። ሰውነት ትክክለኛውንና የተሳሳተውን ለይቶ አይማርም። የሠራውን ይማራል። በተለይ እየደከመ፣ ደጋግሞ የሠራውን። ወይፈኑ ትልም ውስጥ ቢተኛ የሚማረው መተኛትን ነው። እኔ ጓሮ ውስጥ የተማርኩት መጫንን ነው።

የቅዱስ ያሬድን ትል እስክጠቅስ የሚጠብቅ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ፤ ዛፉ ላይ ሊወጣ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው የተሳካለትን። ታሪኩን እወደዋለሁ። ለትራምፔት ተማሪ ግን ግማሹን ነው የሚነግረው። ትሉ ሲወድቅ መሬት ያገኘዋል፤ ተነሥቶ እንደገና ይጀምራል። ከንፈር ግን በወደቀ ቁጥር አወዳደቁን ያጠናል።

በመሀል ያለው ጊዜ

ጤፍ የሚዘራበት መሬት አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል። ይገመሳል፣ ይደገማል፣ ይሰለሳል፣ ከዚያም ይቀጥላል። አምስቱንም በአንድ ቀን አርሶ የጨረሰ ገበሬ ግን የለም። ቢሞክር መሬቱ አምስት ጊዜ ታርሷል አይባልም፤ አንድ ጊዜ ተንገላቷል ነው የሚባለው። በአንዱ እርሻና በሌላው መሀል አረሙ ይበቅልና ተገልብጦ ይሞታል፣ ጓሉ ዝናብ ይጠጣና ይፈርሳል። ሥራው የሚሠራው ሞፈሩ ቤት ተቀምጦ ሳለ ነው።

ልምምድም እንዲሁ ነው ቢባል ተረት ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተለክቷል። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ሠራተኞቹን በመተየቢያ ሰሌዳ መሥራት ሊያስተምር ፈልጎ ባድሊና ሎንግማን የተባሉ ተመራማሪዎች ፖስተኞቹን በአራት ቡድን ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ይማራል። ሌላው በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ በድምሩ አራት ሰዓት ይማራል። የቀሩት ሁለቱ ቡድኖች መሀል ላይ ናቸው። በ1978 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት፣ በቀን አንድ ሰዓት የተማሩት ሰሌዳውን ለመልመድ ወደ 35 ሰዓት ሲበቃቸው፣ በቀን አራት ሰዓት የተማሩት ወደ 50 ሰዓት እንደ ፈጀባቸው ያሳያል። አንድ ዓይነት እውቀት ነው፤ ችኮላው 15 ሰዓት ያህል ትርፍ ድካም አስከፍሏል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። በሥልጠናው ከሁሉ ያነሰ የረኩት እነዚያ በቀን አንድ ሰዓት የተማሩት ነበሩ። ለምን? በቀን አቆጣጠር ኋላ ቀርተዋላ! ባለ አራት ሰዓቶቹ በሁለት ተኩል የሥራ ሳምንት ገደማ ሲጨርሱ እነሱ ሰባት የሥራ ሳምንት ቆዩ። በሰዓት ያተረፈው ሰው በቀን እንደ ከሰረ ይሰማዋል። በየቀኑ በጥቂቱ መለማመድ ጠቃሚ መሆኑን ሁሉም ሰው እየሰማ ሁሉም ሰው የማያደርገው ለዚህ ይመስለኛል፤ ልማዱ ሲሠራ የማይሠራ ይመስላል። ፖስተኛ ቢቸኩል ደግሞ ያው ይደርሳል፤ ጣቱ በቀን አራት ሰዓት ይችላል። የጀማሪ ከንፈር አይችልም። ስለዚህ ናስ ነፊ የሚመርጠው በቶሎና በዝግታ መሀል አይደለም፤ በዝግታና በቁስል መሀል ነው።

በመሀል ባለው ጊዜ ሰውነት ምን ይሠራል? ሁለት ነገር። አንደኛ ጡንቻው ይጠገናል። ሁለተኛ ለጡንቻ ትእዛዝ የሚሰጠው አንጎል የቀኑን ትምህርት ያደላድላል፤ ይህ በአብዛኛው በእንቅልፍ ነው። ማቲው ዎከርና ባልደረቦቹ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሰዎች በጣታቸው የተወሰነ የቁልፍ ቅደም ተከተል በፍጥነት እንዲመቱ አስተማሯቸው። ተኝተው ያደሩት ምንም ተጨማሪ ልምምድ ሳያደርጉ ፍጥነታቸው 20 በመቶ ያህል ጨመረ። ነቅተው ያን ያህል ሰዓት የቆዩት ላይ ይህ ለውጥ አልታየም፤ የታየው እነሱም ከተኙ በኋላ ነው።

ስለዚህ ማክሰኞ የምትነፉት የሰኞን ልምምድ ብቻ አይደለም፤ የሰኞን ሌሊት ጭምር ነው። ሰባት ቀን 20 ደቂቃ የነፋ ሰው ሰባት ሌሊት አለው። እሑድ ቁጭ ብሎ 140 ደቂቃ የነፋ አንድ ሌሊት ብቻ አለው፤ እሱም ከንፈሩ ያበጠበት ሌሊት ነው።

ናሱ ቀድሞ ሲመጣ

ከንፈር በአንድ ጊዜ እንደማይበጅ አገራችን በራሷ ታሪክ አይታዋለች። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ለዳግማዊ ምኒልክ ከላኳቸው ስጦታዎች መካከል የናስ ሙዚቃ መሣሪያዎች ነበሩበት። መሣሪያው በመርከብ ይመጣል፤ የሚነፋው ከንፈር ግን እዚሁ፣ ቀን በቀን መበጀት ነበረበት። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሲደርሱ ከቱርክ እልቂት የተረፉ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች የናስ ባንድ ሲጫወቱ ሰሙና አርባውንም ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አርባ ልጆች የተባሉት እነዚህ ናቸው። ራስ ተፈሪ ያኔ መሣሪያ አይደለም ያስመጡት፤ የተጠራቀመ ቀን ነው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የተባለውን የቀድሞ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ግጥሙን የጻፈው የእኛው የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤ እንደሆነ በሰፊው ይነገራል፤ እዚህ ላይ ጎጃሜነቴ ሳላስበው ጣልቃ ገብቷል።

የሃያ ደቂቃ ውሎ

እንግዲህ ቀኑ ምን ይመስላል?

እኔ የምጀምረው ትራምፔቱን ሳልነፋው በማሞቅ ነው። ከንፈሬን አላልቼ፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ ትንፋሼን ብቻ እለቅበታለሁ። ምክንያት አለው። ድምፅ በሞቀ አየር ውስጥ ይፈጥናል፤ የቱቦው አየር በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ቃናው የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ይወርዳል። ቡሬ ላይ በኅዳር ጠዋት ብርዱን የቀመሰ ያውቀዋል። ጀማሪ ይህን ሳያውቅ ቃናው የወረደው በእሱ ጥፋት ይመስለውና ከንፈሩን ጨምድዶ ሊያነሣው ይታገላል። ጠላቱ ብርድ ሆኖ ሳለ ከንፈሩን ይቀጣል።

ከዚያ አንድ ድምፅ እመርጣለሁ፤ መሀል ላይ ያለ፣ የማያስቸግር። በተቻለ መጠን ዝቅ አድርጌ እነፋውና እይዘዋለሁ። ዝቅ ማድረጉ ለጎረቤት ሰላም ብቻ አይደለም። ጮክ ብሎ ሲነፋ ጉልበት ስንፍናን ይሸፍናል፤ ቀስ ብሎ ሲነፋ ግን ከንፈር ትንሽ ቢዛነፍ ድምፁ ወዲያው ይሰነጠቃል። አሜሪካዊው ኮርኔት ነፊ ኸርበርት ክላርክ በ1912 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የልምምድ መጽሐፉ ተማሪው መልመጃዎቹን በጣም ዝግ ባለ ድምፅ እንዲሠራ ያዘዘው ያለ ነገር አይደለም። ድምፁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አቆማለሁ፤ ለማራዘም አልታገልም። ስንት ሰከንድ እንደሄደ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ።

ቀጥሎ አርፋለሁ፤ የነፋሁትን ያህል። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ማረፍ ሞኝነት መስሎ ይታየኝ ነበር፤ ትራምፔት ጭኔ ላይ አስቀምጦ ግድግዳ ማየት። ያን ጊዜ ነው አያ የታወሱኝ። እሳቸው ሁለቴ ነፍተው ይለፍፋሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ይራመዳሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ በሚፈጀው ዙር ከንፈራቸው በእውነት የሠራበት ጊዜ ቢደመር ጥቂት ደቂቃ ነው። የቀረው ሁሉ እረፍት ነው፤ ሥራው ራሱ ያዘዘው እረፍት። ማንም ሳያስተምራቸው ሙያው አስተምሯቸዋል።

ከእረፍቱ በኋላ ቁልፍ ሳልነካ በመሰላሉ ላይ አንድ እርከን መውጣት፣ አንድ መውረድ። እረፍት። ከዚያ አንድ አጭር ዜማ፣ ለነፍስ። ከዜማው በኋላ ሁልጊዜ «አንድ ጊዜ ብቻ ልድገም» የሚል ነገር ውስጤ ይመጣል። ማነቆውን የምፈታው እዚያ ላይ ነው።

ያ ደብተር አሁንም አለኝ። መስከረም 12 ላይ «9 ሰከንድ» ይላል። ጥቅምትን ሙሉ ከ11 እስከ 13 መሀል ሲዋልል ቆይቷል፤ አንድ ቦታ ላይ በብስጭት የተሰረዘ ገጽ አለ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ድንገት 17 ሆነ። ታኅሣሥ 8 ወደ 12 ወርዶ አጠገቡ «ጉንፋን» ተብሎ ተጽፏል። ጥር 22 ላይ 26። ጥር 23 ባዶ ነው፤ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ለማየት እንጅባራ ሄጄ ነበር፣ ትራምፔቱ ቤት ቀርቷል። ጥር 24 ላይ «28» ይልና ከጎኑ በትንንሽ ፊደል፦ «ፈረሱ ይሆን?»